ጋሼ ሸረፋን ለሐጅ ያበቃው ሥራ

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ የራሴን የኮምፒውተር መግቢያ ስም መዝጋት ነበር። ሌላ ሰው ሊዘጋልኝ ይችል ነበር። እኔ ግን ከሥራ የሚለቁ ሰዎችን ስም ስዘጋ የኖርኩ ነኝና የራሴንም በእጄ ዘጋሁት። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ደረጃውን ወረድኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጤና ጀምሬ በጤና ጨረስኩ።

ልጆቼ «እማዬ፣ ምን ትሠሪ እንደነበር ጻፊልን» ይሉኛል። እናታቸው መርካቶ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ሥራ እንደነበራት ያውቃሉ። ከዚያ በላይ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ቤት ስገባ የሚቀድመው የእነሱ ራት ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ነው። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ስሳሳት ወረቀቱን አይቀድዱብኝም፣ የተሳሳተውን ቃል ብቻ በእርሳስ ይከቡልኝ ነበር። የጽሕፈት መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ሁሉም ፈርቶ ሲቆም ሽፋኑን የገለጥኩት እኔ ስለሆንኩ ሥልጠና ላኩኝ። ሁለተኛ ልጄ ሲወለድ ደመወዙ አልበቃ አለና ወደ ግል ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ ሁሉ ያለፈው እዚያው መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ነው።

የገባሁበት ቤት የሐጂ ከድር ነበር። ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ከውጭ እያስመጡ በጅምላ ይሸጣሉ። ሱቁ ምድር ላይ ነው፤ ቢሮው ከላይ፣ ከጠባቧ ደረጃ ወዲያ። ኮምፒውተሮቹን የሚያስተዳድሩት ጋሼ ሸረፋ ይባላሉ። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው፣ በራዲዮ ጥገና ጀምረው፣ ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከበላይዬ ሆነው ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። የማውቀውን ሥራ ከእርሳቸው ነው የተማርኩት።

ሥራችንን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ሰርቨር ከሚባል አንድ ማሽን ደንብ ይቀበላሉ። ማን ምን ይከፍታል፣ ማን በየትኛው ማተሚያ ያትማል፣ ማን ፍላሽ መሰካት ይከለከላል፣ የሽያጭ ኮምፒውተር መቼ ይቆለፋል፣ እነዚህ ሁሉ ደንቦች ናቸው። በባለሙያ ቋንቋ ፖሊሲ ይባላሉ፤ እኛ ደንብ ነበር የምንለው። ደንቦቹን ከሰርቨሩ አውጥቶ ቅጂ መያዝ ይቻላል። ማሽኑ ቢጠፋ ወይም ሌላ ሱቅ ቢከፈት እንደገና ከዜሮ አይጀመርም፤ ቅጂው ይመለሳል።

ጋሼ ሸረፋ ቅጂ ሳይዙ አንድ ደንብ አይነኩም ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ቅጂውን ያወጣሉ፣ ቅጂው መከፈቱን ያያሉ፣ ከዚያ ነው የሚነኩት። አንድን ነገር ለወጡ ማለት ደግሞ ጨረሱ ማለት አይደለም። ደረጃውን ወርደው ሱቅ ይገባሉ፣ በዝቅተኛው ሠራተኛ ስም ኮምፒውተሩን ይከፍታሉ። «ከላይ ሆኖ ያየ የሐጂን ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚያየው» ይሉኝ ነበር። እኔ ቸኩዬ «ሠርቷል ጋሼ» ስላቸው «ለማን?» ይላሉ። መልስ ከሌለኝ ደረጃውን እወርዳለሁ።

መርካቶ ሱቅን ለጎረቤት ትቶ መሄድ ያለ ነው። ዓርብ ሙስሊሙ ለጁምዓ ሲሄድ ክርስቲያኑ ይጠብቃል፤ በመስቀልና በጥምቀት ክርስቲያኑ ሲሄድ ሙስሊሙ ይጠብቃል። እኔና ጋሼ ሸረፋም እንደዚሁ ነበርን። በወር በወሩ በማርያም ቀን ቅዳሴ ሄጄ አረፍዳለሁ፤ እርሳቸው ይይዙልኛል። ዓርብ እርሳቸው መስጊድ ይሄዳሉ፤ እኔ ከላይ ቢሮ እቀመጣለሁ። ልጄ ታሞ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ «እንዳትመጪ» አሉኝ፤ እኔም አልሄድኩም። ሥራዬን ሠርተው ጠበቁኝ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አይገባኝም።

ሐጂ ከድር አውቶቡስ ተራ ሁለተኛ ሱቅ ከፈቱ። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ነጋዴ ከአውቶቡሱ ሳይርቅ ገዝቶ እንዲሄድ ነው። ኃላፊዋ እትዬ በላይነሽ ሆኑ፤ በመጋረጃ ሽያጭ ያረጁ፣ አንደበታቸው የማይያዝ ሴት ናቸው። ለሱቁ የራሱ ሰርቨር ተገዛ። ጋሼ ሸረፋ የዱባይ ተራውን ደንብ ሁሉ ቅጂ አውጥተው እዚያ አስገቡት። በፊት ሳምንታት የሚፈጀው ሥራ በግማሽ ቀን አለቀ። ሐጂም «ማሻአላህ» ብለው ትከሻቸውን መቱላቸው። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

በማግስቱ፣ ጁምዓ ሰዓት ላይ፣ ከላይ ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ። እትዬ በላይነሽ ደወሉ።

«አንቺ ትርሲት፣ ኮምፒውተሮቹን ምን ነካቸው?»

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ተኙ! ሁሉም ባንዴ ድርግም! እዚህ የወልቂጤ ሰው፣ የሆሳዕና ሰው፣ የቡታጅራ ሰው ፊቴ ተደርድሯል።»

«መብራት ሄዶ ይሆን?»

«መብራትማ አለ። አምፖሉ ቁልቁል እያየ ይስቅብኛል!»

ነገሩ ገባኝ። ዱባይ ተራ ያለው ሱቃችን ዓርብ ለጁምዓ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ሰው በሌለበት ማንም ደረሰኝ እንዳይቆርጥ የሽያጭ ኮምፒውተሮቹ በራሳቸው እንዲቆለፉ ደንብ አለ። ያ ደንብ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተቀድቶ ሄዷል። አውቶቡስ ተራ ግን ሠራተኛው ተራ በተራ ነው የሚሰግደው። ዓርብ ቀትር ደግሞ ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ የሚሄድበት ዋናው የገበያ ሰዓት ነው።

የደንቦቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ስማቸው «አዲሱ»፣ «አዲሱ የታረመው»፣ «ሙከራ»፣ «ሙከራ አይነካ» ይላል። የትኛው ውስጥ እንዳለ የሚያውቁት ጋሼ ሸረፋ ብቻ ናቸው። ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። መስጊድ ናቸው፤ ሊዘጋም ይገባዋል። ያለ እርሳቸው አንዱን ብነካ ሌላ ነገር እንዳይፈርስ ፈራሁ። እትዬ በላይነሽ እንደገና ደወሉ።

«የወልቂጤው አባ ወልዴ ዕቃቸው አውቶቡሱ ላይ ተጭኗል። ያለ ደረሰኝ ኬላ አያሳልፋቸውም። ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ ነው። በእጄ ልጻፍላቸው?»

«በእጅ የተጻፈ ኬላ ይቀበላል እትዬ?»

«አይቀበልም። ምን ልበላቸው?»

ዕቃው ከአውቶቡሱ ጣራ ወረደ። አባ ወልዴ ጆንያ ተሸክመው ሲነግዱ ከነበሩበት ዘመን ጀምሮ የሐጂ ደንበኛ ነበሩ። የዚያን ቀን ባዶ እጃቸውን ሄዱ፤ ዳግመኛም አልመጡም። ሐጂ ሰው ልከው ነበር። «እኔ እንኳ በሽምግልናዬ ሰው ፊት ዕቃ የሚወርድብኝ አይደለሁም» ብለው መለሱ አሉ።

ጋሼ ሸረፋ ከመስጊድ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝና ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ዓርብን እንደ ደንብ አላየሁትም ትርሲት» አሉ። «እንደ ጀንበር መውጣት ነው ያየሁት። ጀንበር ትወጣለች ብሎ የሚጽፍ አለ?»

ሐጂ ከድር ገቡ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ሸረፋ፣ ለአንድ ሶላት ስልክህን ብትዘጋ እንዲህ ከሆነ፣ መካ ሄደህ ወር ስትቀመጥ ምን ልንሆን ነው? ዘንድሮም ይቅርብህ።»

ዘንድሮም ያሉት ከዚያ በፊትም ስለቀረባቸው ነው። ሁልጊዜ አንድ ምክንያት አይጠፋም ነበር፤ አዲስ ሱቅ፣ አዲስ ማሽን፣ የሚሠራ ሰው አለመኖሩ። ገንዘቡን ከልጆቻቸው ጋር አጠራቅመው ጨርሰዋል። ያላጠራቀሙት ጉልበት ነው። ጋሼ ሸረፋ «አላህ ያለው ይሆናል» ብለው ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ በሁለት እጃቸው ብረቱን ይዘው ነበር። ሌላ ጊዜ በአንድ እጃቸው እንኳ አይዙም።

ሐጂ ቢሮ ገባሁ።

«ሐጂ፣ ጋሼ ሳይነኩት ሁሉ ነገር ሲመለስ ቢያዩስ?»

«በዓይኔ?»

«በዓይንዎ።»

ጢማቸውን ዳሰሱ። «የሐጅ ምዝገባው ሳይዘጋ ካየሁ ይሂድ። እኔም ሰው ነኝ፣ ኃጢአቱን አልፈልገውም።»

በማግስቱ ጀመርን። ቅጂ ማውጣት ቀላሉ ነው። ችግሩ፣ ቅጂው ደንቡ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ደንብ ከፍተን፣ ከቅጂው ጎን ለምን እንደተደረገ፣ ለማን እንደሆነ፣ ቢነሣ ማን እንደሚጮህ ጻፍን። ይህ የመጨረሻው የጋሼ ሸረፋ ሐሳብ ነው። «ቢነሣ ማን ይጮሃል? የሚጮህ ከሌለ ደንቡ ራሱ አያስፈልግም።» እንደዚያ ብለን ብዙ ደንብ ጣልን። «ሙከራ አይነካ» የሚለው ምን እንደሆነ እርሳቸውም ረስተውት ነበር። ቅጂውን አስቀርተን አጠፋነው፤ የጮኸ የለም።

የቀሩትን ለያየናቸው። የሁሉ የሆነው ለብቻ፣ የአንድ ቤት የሆነው ለብቻ፣ የአንድ ሰው የሆነው ለብቻ። ሌላ ሱቅ ሲከፈት የሁሉ የሆነው ብቻ ይሄዳል። የቤት የሆነው ባለቤቱን ጠይቆ ነው። ስማቸውንም ቀየርን፤ «አዲሱ» የሚባል እንዳይኖር ተስማማን፤ ነገ አዲስ አይደለምና።

የጻፍነውን እትዬ በላይነሽ እንዲያነቡት ጋሼ ሸረፋ አስጠሯቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ።

«‹የተጠቃሚ ክፍለ ጊዜ በተወሰነ የጊዜ ገደብ እንዲቋረጥ ይደረጋል።› ይሄ አማርኛ ነው?»

«ምን ይጎድለዋል?» አሉ ጋሼ ሸረፋ።

«ሰው ይጎድለዋል! ማን ነው የሚቋረጠው? እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ። ሻይ ልትጠጪ ስትወጪ ኮምፒውተሩ እንዲቆለፍ ነው።»

«ታዲያ እንደሱ በላ አንተ ሰው! ‹በላይነሽ ሻይ ስትሄድ ይቆለፋል።›»

ጋሼ ሸረፋ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «በላይነሽ» የሚለውን «ሻጭ» አድርገን ልክ እንዳሉት ጻፍነው። ከዚያ በኋላ የጻፍነውን ሁሉ እትዬ በላይነሽ ሳያነቡት አላለፍንም። እርሳቸውም ሲያነቡ ሁሉንም ይሳደባሉ፤ ለሥራው ግን አንድ ቀን አልቀሩም። ጋሼ ሸረፋ ይሂዱ የሚለው የሁላችንም ልብ ነበር።

ሐጂ የሚያዩበት ቀን መጣ። ባዶ ማሽን ከመጋዘን አውጥተን አጸዳን። እኔ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሸረፋ ከጎኔ ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ጭናቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ፤ እንዳያምራቸው ብለው። ቅጂውን መለስኩ። ደንቦቹ አንድ በአንድ ገቡ። እትዬ በላይነሽ በሻጭ ስም እንዲገቡ ተባሉ።

«የሽያጩን ማኅደር አልከፍትም አለኝ።»

«እንደገና ይሞክሩ።»

«አልከፍትም አለኝ አልኩ! እንደ ሌባ ነው የሚያየኝ።»

ሁሉም እንደዚያው ሆነ። ደንቡ አለ፣ ደንቡ የሚያውቀው ሰው ግን የለም። ለእኛ ሻጮች ማለት ሻጮች ናቸው። ለሰርቨር ግን እያንዳንዱ ቡድን ከስሙ በስተጀርባ የራሱ የተሰወረ መለያ አለው፤ አዲስ ማሽን ላይ ያው ስም ቢሰጥም መለያው ሌላ ነው። ደንቡ የድሮዎቹን ሻጮች ይፈልጋል፤ አዲሶቹን አያውቃቸውም። የድሮውን ስም ከአዲሱ ጋር አዛምዶ ማስገባት ያስፈልግ ነበር።

ሐጂ ተነሡ። «ምዝገባው ሳምንት ሙሉ አይቆይም» ብለው ወጡ።

ጋሼ ሸረፋን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እርሳቸው ግን እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አውጥተው አጨበጨቡ።

«ደግ ሆነ!»

«ምኑ ነው ደጉ ጋሼ?»

«ለአውቶቡስ ተራ ይህን ያዛመድኩት ከጭንቅላቴ ነው፤ ማዛመዴንም አላወቅሁትም። እኔ መካ ሆኜ ቢሆን ኖሮ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር? በይ አሁን ከጭንቅላቴ አውጪው።»

አወጣነው። የድሮው ስም በአንድ በኩል፣ የአዲሱ በሌላ በኩል፣ ማተሚያዎቹና ማኅደሮቹም እንደዚሁ። ሐጂን ዳግመኛ ጠራናቸው። እትዬ በላይነሽ ገቡ፣ ማኅደሩን ከፈቱ፣ ደረሰኝ አተሙ። ወረቀቱን እንደ ባንዲራ እያውለበለቡ «ሸረፋ፣ ሻንጣህን ግዛ!» አሉ። ሐጂ በዚያው ወጥተው የጋሼ ሸረፋን ስም ራሳቸው አስመዘገቡ።

ሲሸኙ ዱባይ ተራ ግማሹ ወጣ። እኔን «በጸሎትሽ» አሉኝ። «በዱዓዎ» አልኳቸው።

ጋሼ ሸረፋ በሄዱ ጊዜ የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር። አንድ ጠዋት የጠፋው መብራት በኃይል ተመልሶ መጣ። ደረጃው ላይ ሳለሁ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የዱባይ ተራው ሰርቨር ነበር። ከመብራቱ ኃይል ይጠብቅልናል ያልነው መሣሪያም አብሮት ተቃጥሏል። ዕቃ ያዥዋ ማተም አልቻለችም፣ ሻጮቹ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ከመጋዘን ያንን የሞከርንበትን ማሽን አስመጣሁ። የእመቤቴን ስም ጠርቼ አማተብኩና ካቻቢቴ ይዤ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ።

ወሬው አውቶቡስ ተራ ደርሶ እትዬ በላይነሽ እያለከለኩ መጡ። ሐጂም ገቡ። የመጀመሪያው ቃላቸው «ሸረፋ እንዳይሰማ!» የሚል ነበር። «እዚያ ሆኖ ልቡ እዚህ ከመጣ ምኑን ሐጅ ሆነ?»

«ማን ይነግረዋል ሐጂ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ምላሴን ይቁረጠው።»

ደንቦቹ ገብተው ስሞቹን በማዛመድ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ሸረፋ ነበሩ። እጄ ስለተያዘ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከበስተኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ እንደ ወንዝ ይሰማል።

«ትርሲት፣ ደህና ናችሁ? ልጆችሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። እርስዎስ? ጉልበትዎ?»

«ጉልበቴ እዚህ ወጣት ሆኗል። ሥራ እንዴት ነው?»

ሐጂ ከድር እጃቸውን አወዛወዙብኝ። እትዬ በላይነሽ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እኔ ግን ጾመኛ ነኝ። ለዚህ ሰው ደግሞ በብዙ ዓመት ውስጥ ያልሆነውን ሆነ ብዬ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት የእኛው ሰርቨር ተቃጥሏል። አዲስ ላይ እየመለስኩት ነው።»

ሐጂ ግንባራቸውን ያዙ።

«የት ደርሰሻል?»

«ስሞቹን እያዛመድኩ።»

«ዓርቡስ?»

«ከዚህ ቤት ደንብ ውስጥ አለ። ለብቻው ነው።»

«እንግዲያው አውቶቡሱ እየጠበቀኝ ነው። ነገ ዐረፋ ተራራ ላይ ነን። ደህና ዋሉ።»

ዘጉት። ሐጂ ስልኩን አተኩረው አዩት፤ እንደገና የሚናገር መስሏቸው።

«ሌላ ምንም አላለም?»

«አላሉም።»

«እሱ ሸረፋ ነው?»

«እርሳቸው ናቸው።»

ሐጂ ወንበር ስበው ተቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «አሁን ገና ሐጅ ሄደ» አሉ።

ከቀትር በኋላ ሻጮቹ መሸጥ ጀመሩ። ደረጃውን ወርጄ በዝቅተኛው ሠራተኛ ስም ገብቼ አየሁ። ሠርቷል።

ዛሬ ሙያው ሌላ ሆኗል። ማሽኑ ቤት ውስጥ የለም፤ ደንቡ ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል አሉ፤ የተካችኝ ልጅም ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ስትቀበለኝ ግን «ለምን» የሚለውን አንብባ «እትዬ፣ ይሄን ማን ጻፈው? ይገባል እኮ!» አለችኝ። ማን እንደጻፈው ነገርኳት።

ጋሼ ሸረፋ ከሐጅ የተመለሱ ሰሞን ቴምር ይዘው ቤቴ መጡ። ልጆቼን መረቁ። ስለዚያ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እውነት አልተጨነቁም ጋሼ?»

ቴምር አንሥተው እንደማሰብ አሉ።

«ዐረፋ ላይ ሰው ሁሉ የወዳጁን ስም እየጠራ ያለቅሳል። እኔም ጠራሁ። የሐጂን፣ የዚያችን የበላይነሽን፣ ያንቺን፣ የልጆችሽን በየስማቸው። የአባ ወልዴንም። ፀሐይ እስክትገባ ቆሜ ስጠራ ዋልኩ።» ቴምሩን ጎርሰው ፍሬውን አወጡ። «የሰርቨሩ መቃጠል ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነው።»

በሥራ ዘመኔ ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና አልተቀበልኩም።